ድልድይ ሲንቀሳቀስ በሳተላይት መከታተል፦ ለጎንደር ወንዞችና ለጎንደር ክረምት የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

አንገረብና ቀሃ ጎንደርን ግራና ቀኝ ይዘው ወርደው ከመገጭ ይቀላቀላሉ፤ መገጭም ጣና ይገባል። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ተረግጠው የሚታለፉ ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ አለት እያንከባለሉ ይወርዳሉ። ድልድይ የሚጎዳውም ያኔ ነው። ጎርፉ የምሰሶውን ሥር ይቦረቡራል፣ መሠረቱ ይሰምጣል ወይም ያዘነብላል፣ አስፋልቱ ግን ከላይ ደህና ይመስላል።

በሳተላይት የሚደረግ ክትትል ድልድዩ ላይ የተተከለ መቀበያ እንደ ጂፒኤስ ካሉ ሳተላይቶች በሚይዘው ምልክት ቦታውን ማስላት ነው፤ ይህን ዝግተኛ መስመጥና ማዘንበል በሚሊሜትር ደረጃ ያሳያል። እንዲያሳይ ግን ሁለት ነገር መሟላት አለበት፦ ራሱ የማይንቀሳቀስ ማነጻጸሪያ ነጥብ፣ እና ዝናብ ሳይጀምር የተያዘ በቂ የበጋ መረጃ። በሐምሌ ጎርፍ መካከል የተተከለ ውድ መሣሪያ በጥር ከተተከለ ርካሽ መሣሪያ ያነሰ ይጠቅማል።

ድልድዩ ለዚህ ክትትል ይሆናል ወይ?

ሆንግ ኮንግ ያለው የጺንግ ማ ተንጠልጣይ ድልድይ ዋና ስፓኑ፣ ማለትም በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ክፍል፣ 1,377 ሜትር ነው። እንዲህ ያለው ድልድይ በነፋስ፣ በሙቀትና በጭነት በሳንቲሜትሮች ስለሚንቀሳቀስ የሳተላይት መቀበያ እንቅስቃሴውን በዚያው ቅጽበት ይለካዋል። ባህር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው በኬብል የተደገፈው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ እሱም ለዚህ ሥራ የሚመች ነው። በጎንደር ዙሪያ በብዛት የሚታዩት ግን አጫጭር ስፓን ያላቸው የኮንክሪት ድልድዮች ናቸው፤ አሠራሩም በዚያው ልክ ይለያል።

ቁጥሩን እንየው። አሽቶ የተባለው የአሜሪካ የመንገድ ባለሥልጣናት ማኅበር መመሪያ ተሽከርካሪ ሲያልፍ ስፓኑ ቢበዛ በርዝመቱ 1/800 ያህል እንዲረግብ ይፈቅዳል። ለ20 ሜትር ስፓን ይህ 25 ሚሊሜትር ነው፤ ጤነኛ ድልድይ ደግሞ ከዚህ በጣም ባነሰ፣ በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ይረግባል። የ20 ሜትር ስፓን በሰከንድ 5 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። በቅጽበት የሚሰላ የሳተላይት መለኪያ ደግሞ በአግድም 10፣ በከፍታ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል ይዋዥቃል። ስለዚህ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ሲያልፍ የሚፈጠረውን ርግበት በዚህ መሣሪያ እናያለን ብላችሁ አትነሡ። ለንዝረት አክሰለሮሜትር፣ ለጭነት ፈተና ሌቭል ወይም ቶታል ስቴሽን የተባሉትን የቅየሳ መሣሪያዎች ተጠቀሙ።

የ24 ሰዓት መረጃ ተሰብስቦ አንድ ውጤት ሲወጣለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ጥሩ ሰማይ ባለበት ቦታ የዕለቱ ውጤት በአግድም ከ1 እስከ 2፣ በከፍታ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ድረስ ይታመናል። በዚህ ልክ የምሰሶ መስመጥ፣ የዳር ግድግዳ በአፈር መገፋት፣ ግርደር (መንገዱን የሚሸከመው አግዳሚ) ከቤሪንጉ (ከሚያርፍበት መቀመጫ) ላይ መንሸራተትና የዓመታት ርግበት በግልጽ ይታያሉ። ለጎንደር ድልድዮች የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

ከነገሥታቱ ዘመን የቀሩ በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ድልድዮችን በዚህ ዘዴ አትንኩ። የድንጋይ ቅስት ከመፍረሱ በፊት የሚያሳየው ለውጥ ብዙውን ጊዜ የግማሽ ሚሊ ስንጥቅ ነው፤ ይህን የስንጥቅ መለኪያ በተሻለ ይይዘዋል። ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ አንድ ቀዳዳ እንኳ መብሳት አይገባም።

ለዘመናዊዎቹም ቢሆን ፈቃድ ቀድሞ ይያዛል። በፌዴራል መንገድ ላይ ያለ ድልድይ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን፣ የከተማ ውስጡ የከተማውን አስተዳደር ይመለከታል። መረጃ በሬዲዮ ሞደም ለማስተላለፍ ካሰባችሁ የድግግሞሽ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይወጣል። በሲም ካርድ መላክ ይህን ይቀንሳል።

የነጥቦች አቀማመጥና የዕቃ ዝርዝር

ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 20 ሜትር የሆኑ 3 ስፓኖች ያሉት፣ ጠቅላላ 60 ሜትር የሚረዝም፣ ሁለት ምሰሶዎቹ ወንዝ ውስጥ የቆሙ ድልድይ እንውሰድ። ድልድዩ ላይ 4 ነጥብ፣ ከድልድዩ ውጭ 2 ማነጻጸሪያ ጣቢያ ወይም ቤዝ ያስፈልጋል፤ በድምሩ 6 መቀበያ።

አራቱን ነጥቦች እንዲህ አስቀምጡ፦ በሁለቱም ምሰሶዎች አናት፣ ውሃው በሚመጣበት ወገን አንድ አንድ፤ ዋናው ውሃ በሚመታው ምሰሶ ላይ ውሃው በሚሄድበት ወገን አንድ ተጨማሪ፤ አንድ ደግሞ በዳር ግድግዳ ላይ። ጎርፍ በብዛት የሚቦረቡረው የምሰሶውን የፊት አፍንጫ ነው፤ ስለዚህ የላይኛው ወገን መዝለል የለበትም። በስፓን መሀል ነጥብ መትከል ፎቶ ላይ ያምራል፤ ገንዘቡ ካነሰ ግን መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ይሁን።

አንድ ምሰሶ ላይ ሁለት ነጥብ ማስቀመጥ ለምን እንደሚጠቅም በስሌት ይታያል። ነጥቦቹ 7 ሜትር ይራራቃሉ እንበል። የላይኛው 6፣ የታችኛው 1 ሚሊሜትር ቢሰምጥ ልዩነቱ 5 ሚሊሜትር ነው። ከፍታው 8 ሜትር የሆነ ምሰሶ በዚህ መጠን ሲያዘነብል አናቱ ውሃው ወደሚመጣበት ወገን 5.7 ሚሊሜትር ይሄዳል። ማለትም መስመጡን በከፍታ፣ ማዘንበሉን በአግድም፣ በሁለት የተለያዩ ምስክሮች ታያላችሁ። የሳተላይት መለኪያ በአግድም ከከፍታው እጥፍ ያህል ስለሚሻል ይህ ሁለተኛው ምስክር ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይናገራል።

ዕቃው ይህን ይመስላል፦

- 6 ባለ ሁለት ድግግሞሽ መቀበያ፤ የጂፒኤስ፣ የግሎናስ፣ የጋሊሊዮና የቤይዱ ሳተላይቶችን የሚይዝና ጥሬ መረጃ የሚያወጣ። የቅየሳ መሣሪያ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ በዩ-ብሎክስ ዜድ-ኤፍ9ፒ የተሠራ ቦርድ ይበቃል።
- 6 አንቴና፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሞዴልና የካሊብሬሽን ሰንጠረዥ ያላቸው።
- ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ10 ሜትር ያልበለጠ ኮአክሲያል ኬብል። ቀጭን ኬብል ሲረዝም ምልክቱን ይበላዋል።
- ለእያንዳንዱ ነጥብ እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር፣ 32 ጊጋባይት ካርድ፣ ባለ 4ጂ ሞደም።
- ለእያንዳንዱ ነጥብ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ፣ 100 ዋት ሶላር፣ ቻርጅ መቆጣጠሪያና ፊውዝ።
- በአንቴና ኬብል ላይ የሚገባ የመብረቅ መከላከያና የመሬት ዘንግ።
- 2 የሙቀት መለኪያ፣ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበር።

ገንዘብ ሲያጥር ከመቀበያው ቀንሱ፤ ከአንቴናውና ከቋሚው ግን አትቀንሱ። ርካሽ አንቴና የሚያመጣውን ስህተት የትኛውም ሶፍትዌር አያወጣውም።

የኃይሉ ስሌት ለክረምት መሠራት አለበት። ሙሉው ነጥብ 4 ዋት ቢወስድ በቀን 96 ዋት-ሰዓት ነው። የተጠቀሰው ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ የሊድ-አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ስለሚበላሽ ጥቅም ላይ የሚውለው 600 ነው። ይህ ያለ ፀሐይ 6 ቀን ያቆያል። ለነሐሴ ደመና የሚበቃውም ይህን ያህል ነው። ሶላሩን ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ አዘንብሉት፤ ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ይህ ይስማማታል፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። ሶላሩ ከአንቴናው ዝቅ ብሎና ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ጠፍጣፋ ገጹ የሳተላይት ምልክት ያንጸባርቃል።

ቤዙን መትከል

አብዛኛው ያልተሳካ ክትትል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

ቤዙ ከድልድዩ ከ200 ሜትር እስከ 2 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ፣ የወጣ ጥቁር አለት ላይ ይሁን። ጎንደር በኮረብታዋ ወገን አለት አታጣም። ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወረድ ግን ዋልካ አፈር ይበዛል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመ ነገር በዓመት ውስጥ በሳንቲሜትሮች ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። ቤዝ እዚያ ላይ ከቆመ በሐምሌ ቤዙ ይነሣል፣ በስሌቱ ደግሞ ድልድዩ የሰመጠ ይመስላል። ድልድዩ ሳይነካ መንገድ ይዘጋል ማለት ነው። ፎቅ ጣሪያ ላይ መትከልም አይመከርም፤ ሕንፃ በቀን ሙቀት በጥቂት ሚሊ ይተነፍሳል።

ከፍታም ይታሰብ። ድልድዩ ሸለቆ ውስጥ፣ ቤዙ 150 ሜትር ከፍ ብሎ ጉብታ ላይ ሲሆን በመካከላቸው ያለው አየር እርጥበት በስሌቱ ውስጥ ይቀራል። በአየሩ ግምት ላይ የ1 ሚሊሜትር ስህተት በከፍታ ውጤት ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ይወጣል። በክረምት ይህ ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ከድልድዩ ከ50 ሜትር በላይ የማይበልጥ የከፍታ ልዩነት ያለው አለት ፈልጉ፤ ትንሽ ራቅ ቢልም ይሻላል።

አሠራሩ፦

1. አለቱን በመዶሻ መትታችሁ ድምፁን ስሙ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው የተለየ ቋጥኝ ነው፤ ተዉት።
2. የላላውን ንብርብር ጠርባችሁ 4 ቀዳዳ በ50 ሳንቲሜትር ጥልቀት ብሱ። አቧራውን በአየር ንፉት፤ አቧራ ያለበት ቀዳዳ ኢፖክሲ አይዝም።
3. ባለ 16 ሚሊ ፌሮ በኢፖክሲ ትከሉ፤ ከላይ 1 ሜትር ያህል ይውጣ። በባለ 8 ሚሊ ቀለበት እሰሩት።
4. 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን የፒቪሲ ቱቦ አልብሱትና 1 ለ2 ለ3 በተመጠነ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ሙሉት። ከመሬት 1.2 ሜትር ይቁም። በፌሮ እየወጋጋችሁ አየሩን አስወጡ።
5. አናቱ ላይ 5/8 ኢንች የማይዝግ ብሎን በቱንቢና በውሃ ልክ አቁሙ።
6. 7 ቀን ውሃ አጠጡ፤ ኮንክሪቱ 28 ቀን ሳይሞላው የመነሻ መለኪያ አትውሰዱ። ሲደርቅ ይሸበሸባል።

ሁለተኛውን ቤዝ በሌላ አለት ላይ በዚሁ መንገድ ሥሩ። ሁለት የሚሆኑት አንዱ ሲሰበር ሌላው እንዲተካ ብቻ አይደለም። በመካከላቸው ያለው ርቀት በየቀኑ ሲሰላ ቋሚ ካልሆነ ከሁለቱ አንዱ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ይህን ሳታውቁ ድልድዩን መፍረድ አትችሉም።

አዲስ አበባ ያለው ዓለም አቀፍ የሳተላይት መለኪያ ጣቢያ ከጎንደር በአየር 420 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለቤዙ ዓለም አቀፍ መጋጠሚያ (ኮኦርዲኔት) ለመስጠት ይጠቅማል፤ ለሚሊሜትር ክትትል ግን በጣም ሩቅ ነው። ያለ ቤዝ ነጥቡን ብቻውን የሚያሰሉ አገልግሎቶችም ወጥመድ አላቸው፦ የቆምንበት የምድር ንጣፍ ራሱ በዓመት ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል፤ ይህ ጉዞ በውጤቱ ላይ የድልድይ መንሸራተት ሆኖ ይታያል። በቅርብ ቤዝ ስንለካ ንጣፉ ሁለቱንም ይዟቸው ስለሚሄድ ችግሩ ይጠፋል። አዲንዳን በሚባለው በድሮው የካርታ መጋጠሚያ የተሠሩ ፕላኖችንም ከዚህ መረጃ ጋር አታቀላቅሉ።

አንቴናውን ድልድዩ ላይ ማሰር

አንቴናው የሚታሰረው ከምሰሶው ጋር አብሮ በሚንቀሳቀስ አካል ላይ ነው። የብረት መከላከያ አጥር ላይ ማሰር ቀላል ነው፤ አጥሩ ግን መኪና ሲነካው ይታጠፋል፣ ሕዝቡም ይደገፈዋል። የምሰሶውን ራስ ወይም ከምሰሶው በላይ ያለውን የግርደር ጫፍ በጎን በኩል ያዙ። ባለ 10 ሚሊ ውፍረት የብረት ሳህን በ4 ባለ 12 ሚሊ የኢፖክሲ ብሎን እሰሩ፤ ከመብሳታችሁ በፊት ፌሮው የት እንዳለ በመለያ መሣሪያ አግኙ። ቅድመ-ውጥረት ኬብል ያለበትን ግርደር በጭራሽ አትብሱ።

ቋሚው ባለ 60 ሚሊ የጋልቫናይዝድ ቱቦ ይሁን። ቁመቱ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎት አለው፦ ከፍ ሲል አጠገቡ የሚያልፈው ጭነት መኪና ሰማዩን አይጋርደውም፣ ሲረዝም ግን በነፋስ ይወዛወዛል። ከአጥሩ በላይ 1.2 ሜትር ጥሩ አማካይ ነው። አይሱዙ ሲያልፍ ለጥቂት ሰከንድ የተወሰኑ ሳተላይቶች ይጠፋሉ፤ በ24 ሰዓት ስሌት ውስጥ ይህ አይጎዳም። ድልድዩ አጠገብ መኪና ቆሞ የሚያድርበት ቦታ ካለ ግን ነጥቡን ወደ ሌላው ጎን አዛውሩት።

የሁሉም አንቴናዎች የሰሜን ምልክት ወደ ሰሜን ይዙር። የኬብሉን መጋጠሚያ ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ፣ ከዚያ በተራ ቴፕ ሸፍኑ፤ ኬብሉ ሳጥን ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለበት ሠርቶ ይውጣ፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። በክረምት በድንገት የሚጠፋ ጣቢያ በብዛት የሚጠፋው መጋጠሚያው ውስጥ በገባ ውሃ ነው። ሳጥኑን ከጎርፉ ከፍተኛ ምልክት በላይ ስቀሉት፤ ስለ ዓላማውም ለአካባቢው ሰው አስረዱ። ምን እንደሆነ የሚያውቀውን ሶላር ሰፈሩ ይጠብቀዋል።

ከመስቀል በፊት የሚደረግ ፈተና

ይህን ፈተና ብዙዎች ይዘሉታል፤ አትዝለሉት። አንቴናውን በብሎን የሚንሸራተት ሳህን ላይ አስቀምጡ። 24 ሰዓት ለኩ፤ በካሊፐር 5 ሚሊሜትር አንሸራትታችሁ ሌላ 24 ሰዓት ለኩ፤ አሁንም 10 ሚሊ ጨምሩ። ከዚያም ከሥሩ ውፍረቱ የታወቀ ሳህን አስገብታችሁ በከፍታም ድገሙት። ውጤቱ የአግድሙን በ2፣ የከፍታውን በ5 ሚሊሜትር ልዩነት ውስጥ ካልመለሰ ሥርዓቱ አልተዘጋጀም። የመለኪያችሁን ትክክለኛ አቅም የምታውቁት በዚህ እንጂ በሻጩ ወረቀት አይደለም።

መረጃ መያዝና ማስላት

ጥሬ መረጃውን በየሰከንዱ ካርዱ ላይ ያዙ። አንድ ነጥብ በቀን 140 ሜጋባይት ያህል ይወጣዋል፤ 32 ጊጋባይት ካርድ ከስድስት ወር በላይ ይበቃዋል። በኔትወርክ የምትልኩት በየ15 ሰከንዱ የተመረጠውን ብቻ ይሁን፤ እሱ 10 ሜጋባይት አይሞላም። ኔትወርክ ቢቋረጥ ካርዱ ላይ ያለው ይጠብቃችኋል።

የሰዓት አጻጻፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። መቀበያው በዓለም አቀፍ ሰዓት ይመዘግባል፤ ፋይሉ ላይ 06:00 ያለው በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። የጎርፍ ሰዓት ከዘበኛ ሲጠየቅ በእኛ አቆጣጠር ይነገራል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ፤ ቀኑንም እንዲሁ።

ለስሌቱ አርቲኬሊብ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። ፋይሉን ራይኔክስ ወደሚባለው የጋራ የፋይል ዓይነት ቀይሩና እነዚህን ምረጡ፦ ዘዴ ስታቲክ፤ ሁለቱም ድግግሞሽ፤ ከአድማስ 15 ዲግሪ በታች ያሉ ሳተላይቶች ይውጡ፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ 20 ዲግሪ ይሁን፤ ለአየር ሳስታሞይነን ሞዴል፤ ውጤቱ መጽናቱን የሚለየው የማጽኛ መለኪያ (ሬሾ) 3። የዕለቱ መረጃ ከ90 በመቶ በታች ከተመዘገበ ወይም ውጤቱ ካልጸና ያን ቀን ጣሉት። ያልጸና ውጤት በአማካይ ውስጥ ገብቶ ያጠፋው ግራፍ ለሳምንታት ያሳስታል።

ውጤቱ በምሥራቅ፣ በሰሜንና በከፍታ ይወጣል። ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ግን በድልድዩ ርዝመትና በወንዙ አቅጣጫ ሲነበብ ነው። የድልድዩ አቅጣጫ ከሰሜን በስተቀኝ 60 ዲግሪ ነው እንበል። የርዝመቱ እንቅስቃሴ ምሥራቁ በሳይን 60፣ ሰሜኑ በኮሳይን 60 ተባዝተው ሲደመሩ ነው፤ የጎኑ ደግሞ ምሥራቁ በኮሳይን 60 ተባዝቶ፣ ሰሜኑ በሳይን 60 ተባዝቶ ሲቀነስለት ነው። ነጥቡ 4 ሚሊ ወደ ምሥራቅ፣ 2 ሚሊ ወደ ሰሜን ቢሄድ በርዝመቱ 4.5፣ በጎን 0.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ማለት ድልድዩ በርዝመቱ ተለጥጧል፣ ወንዙ አልገፋውም ማለት ነው። ምሥራቅና ሰሜኑን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያውቅም።

የበጋ መነሻና የሙቀት ማረሚያ

መሣሪያው በጥር ቢተከል እስከ ግንቦት መጨረሻ ጥሩ መነሻ ይኖራችኋል፤ ከሁለት ወር ያነሰ መረጃ አይበቃም። የሙቀት መለኪያውን ኮንክሪት ውስጥ 5 ሳንቲሜትር ገብቶ እንዲቀበር አድርጉ፤ የአየር ሙቀትና የኮንክሪት ሙቀት በሰዓታት ይለያያሉ።

ኮንክሪት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከ100,000 እጅ አንድ ያህል ይለጠጣል። በምሰሶዎቹ ላይ ያልተቆራረጠ 60 ሜትር ድልድይ በአንድ ጫፍ ታስሮ በሌላው የሚንሸራተት ከሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ሚሊሜትር፣ ለ15 ዲግሪ 9 ሚሊሜትር ይሄዳል። የመለኪያውን ውጤት በአንድ ዘንግ፣ ሙቀቱን በሌላው አድርጋችሁ ቀጥ ያለ መስመር አሳልፉበት። ለዚህ ማረሚያ በ24 ሰዓት ፈንታ በየ3 ሰዓቱ የወጣ ውጤት ተጠቀሙ፤ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ያኔ ይወጣል።

የመስመሩ ቁልቁለት ራሱ ብዙ ይናገራል። ለሚንሸራተተው ጫፍ 0.6 አካባቢ ከሆነ ቤሪንጉ ነፃ ነው። 0.2 ከሆነ ድልድዩ መለጠጥ ፈልጎ ተከልክሏል፤ ወይ ቤሪንጉ ዝጎ ተይዟል፣ ወይ የመለጠጫው ክፍተት በአፈርና በጠጠር ተሞልቷል። ይህ ግፊት የዳር ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። መፍትሔው አንዳንዴ አካፋና መጥረጊያ ብቻ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት። አንድ ዓመት 0.6 የነበረ ቁልቁለት በሚቀጥለው 0.3 ከሆነ ጥገና ዕቅድ ውስጥ ይግባ።

ሐሰተኛ እንቅስቃሴ የሚፈጥሩ ነገሮች

የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ስለዚህ ከእኛ በላይ ያለው አዮኖስፌር (ምልክቱ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ያዘለ የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይታወካል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ምልክቱ ይርገበገባል፣ መቀበያው ሳተላይት ይጥላል። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ እንዲሁም ፀሐይ በምትናወጥባቸው ዓመታት ይብሳል። መስከረም ደግሞ ወንዙ ገና ያልጎደለበት ጊዜ ነው። በዚህ ሰዓት ብቻ የታየ እንቅስቃሴ፣ በሁሉም ነጥቦች ላይ በአንድ ጊዜ የመጣ ከሆነ የሰማይ ጉዳይ ነው። ያን ሰዓት አውጥታችሁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ምሽት 12 ሰዓት ያለውን ብቻ አስሉና ተመልከቱ፤ እንቅስቃሴው ከጠፋ ድልድዩ ደህና ነው።

ከብረት አጥር፣ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከውሃ ገጽ የሚመለስ ምልክት በየቀኑ ይደገማል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድመው ወደነበሩበት ስለሚመለሱ ስህተቱም በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ ይመጣል። እንዲህ የሚቀድም ማዕበል ካያችሁ ነጸብራቅ ነው። ወንዙ ሲሞላ የውሃው ገጽ ስለሚለወጥ የነጸብራቁ መልክም ይለወጣል፤ ይህ በከፍታ ላይ ጥቂት ሚሊ ሊጨምር ይችላል።

አንቴና ላይ የተቀመጠ የወፍ ጎጆ፣ አድጎ ሰማዩን የሸፈነ ባሕር ዛፍ፣ የላላ ብሎን፦ እነዚህም በግራፉ ላይ መስመጥ ይመስላሉ። በወር አንድ ጊዜ በዓይን ማየት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በሌቭል ማነጻጸር ያድናል።

ማስጠንቀቂያውና እርምጃው

ለምሳሌው ድልድይ የሚሆን መነሻ ይህ ነው፤ የመጨረሻውን ቁጥር ድልድዩን የሚያውቅ መሐንዲስ ይወስን። ሁሉም ከሙቀት ማረም በኋላ ያለ የ3 ቀን አማካይ ነው።

ቢጫ፦ በከፍታ 6 ወይም በጎን 4 ሚሊሜትር። ሁለቱ ቤዞች እርስ በርስ ይታዩ፣ ሌሎቹ ነጥቦች ይነጻጸሩ፣ ብሎኑ ይነካ።

ብርቱካናማ፦ በከፍታ 10 ሚሊሜትር፣ ወይም መስመጡና ማዘንበሉ አንድ ላይ ሲስማሙ። በዚያው ቀን መሐንዲስ ይድረስ፣ ከባድ ጭነት ይከልከል።

ቀይ፦ 20 ሚሊሜትር፣ ወይም በየቀኑ እየጨመረ የሚሄድ እንቅስቃሴ። መንገዱ ይዘጋ።

የአሽቶ መመሪያ በአጎራባች ምሰሶዎች መካከል ለሚኖር የመስመጥ ልዩነት ለተቆራረጠ ስፓን ከርዝመቱ 0.008፣ ላልተቆራረጠው 0.004 ይፈቅዳል፤ ለ20 ሜትር ይህ 160 እና 80 ሚሊሜትር ነው። የእኛ ቀይ ከዚያ በጣም ያነሰ የሆነው በጎርፍ የሚሰምጥ ምሰሶ 20 ላይ ስለማይቆም ነው።

አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት። ሥሩ የተቦረቦረ ምሰሶ ምንም ሳይሰምጥ ቆይቶ በሰዓታት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ሳተላይቱ የሚያየው መሠረቱ ሲነቃነቅ ነው፤ ጉድጓዱን አያይም። ስለዚህ ምሰሶው ላይ በየ10 ሳንቲሜትሩ የተሰመረ የውሃ መለኪያ ቀቡ፣ መሐንዲሱ የወሰነውን ከፍታ በቀይ አስምሩበት። ውሃው ቀዩን ካለፈ ግራፉ ምንም ቢል ድልድዩ ይዘጋ። ጎርፍ ሲመጣ ስሌቱን ወደ ሰዓት ውጤት ቀይሩ፤ መዋዠቁ ቢጨምርም የሴንቲሜትር ለውጥ ይያዛል።

ጎርፉ ሲጎድል የተቦረቦረው ጉድጓድ በደለል ይሞላል፣ የወንዙም ወለል እንደነበረ ይመስላል። ባለ 16 ሚሊ ፌሮ ምሰሶው ሥር በእጅ ወደ ታች ግፉ። የቆየው ወለል ይገታዋል፤ አዲሱ ደለል ግን ያሳልፈዋል። ፌሮው የገባበትን ጥልቀት ከመሠረቱ ፕላን ጋር አስተያዩና ከዕለቱ የሳተላይት ውጤት ጎን ጻፉት።

በጥቅምት ሶላሩን አጽዱ፣ መጋጠሚያዎቹን ከፍታችሁ እርጥበት ፈልጉ፣ የባትሪውን ቮልት ለኩ፣ ካርዱን ገልብጡ። ግራፉን ግን እንደገና ከዜሮ አታስጀምሩ። አንድ ክረምት 4 ሚሊ፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 4 የሰመጠ ምሰሶ በየዓመቱ ዜሮ ከተደረገለት አንድም ዓመት ቢጫ ሳይነካ 12 ሚሊ ይሰምጣል። አንቴና ከተቀየረ የቀድሞውና የአዲሱ ልዩነት ተለክቶ ይመዝገብ፤ የመጀመሪያው በጋ ዜሮ ድልድዩ እስካለ ድረስ ይቆይ።